ደርቆ የሚረጥበው ኤሌክትሮድ፦ በባትሪ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊቱ ልፋት የት ይጠፋል?

የሊቲየም አዮን ባትሪ በሚመረትበት ፋብሪካ አንድ ትልቅ ጥቅል ኤሌክትሮድ (ባትሪው ኃይል የሚያከማችበትና የሚለቅበት ክፍል) ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ፣ አየሩ በፓምፕ በሚወጣለት የቫክዩም ምድጃ ውስጥ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት በሩ ይከፈታል። ጥቅሉ ስስ የብረት ፎይል ነው፤ በሁለቱም ገጹ ጥቁር ዱቄት ተቀብቶበታል። ሲያዩት ትናንት ማታ ከገባው በምንም አይለይም። ቀለሙ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው ይመስላል። የተለወጠው ነገር ቢኖር ከእያንዳንዱ ኪሎ ውስጥ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ውሃ መውጣቱ ነው። ምድጃው እስኪነጋ የጋለው፣ ፓምፑም ያላረፈው ለዚህችው ውሃ ሲባል ነው። በሩ በተከፈተባት ደቂቃ ግን ጥቅሉ ያጣውን ውሃ ከአየሩ መልሶ መሳብ ይጀምራል፤ ለዚህ ደግሞ ሌሊት አይፈጅበትም።

ስለ ባትሪ በየዕለቱ የምናነበው ስለ ሊቲየም ማዕድን፣ ስለ ኒኬልና ኮባልት ዋጋ፣ ስለ አዳዲስ ፋብሪካዎች ስፋት ነው። ማድረቅ ዜና ሆኖ አያውቅም። ሆኖም አንድ ሴል፣ ማለትም ባትሪው የሚገነባበት አንዱ ክፍል፣ ለዓመታት ይቆይ ወይስ ቶሎ አብጦ ይጣል የሚለውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ሥራ ነው፤ ፋብሪካው ከሚፈጀው ኃይል ውስጥም ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ፈሳሽንና እርጥበትን የሚያስወግዱት ክፍሎች ናቸው። በሙያው ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፦ «በደረቀ ቁጥር ይሻላል፤ ከተጠራጠርክ ሰዓት ጨምር»። ጥንቃቄ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ኃይል የሚያባክን፣ አንዳንዴም ኤሌክትሮዱን ራሱን የሚጎዳ ልማድ ነው። መጠየቅ ያለበት ሴሉ በሚታሸግባት ቅጽበት ውስጡ ስንት ውሃ ነበረ የሚለው ነው። ምድጃ ውስጥ ያደረበት ሰዓት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ጥቂት ውሃ፣ ብዙ ጥፋት

ውሃ ለምን ይህን ያህል ይፈራል? ነገሩ የሚጀምረው ከኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም በኤሌክትሮዶቹ መካከል ሊቲየምን ከሚያመላልሰው ፈሳሽ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የሊቲየም አዮን ሴሎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት የሚባል ጨው የሟሟበት ነው። ይህ ጨው ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይፈርሳል፤ ከፍርስራሹም አንዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። በኬሚስትሪው ስሌት አንድ የውሃ ሞለኪውል ሁለት የአሲድ ሞለኪውሎችን ሊያስገኝ ይችላል። በክብደት ሲታሰብ አንድ ግራም ውሃ ከስምንት ግራም በላይ ጨው አጥፍቶ ከሁለት ግራም በላይ አሲድ ሊተው ይችላል ማለት ነው።

የከፋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሲዱ በካቶዱ (በአዎንታዊው ኤሌክትሮድ) ላይ ያሉትን ኦክሳይዶችና ካርቦኔቶች ሲበላ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ እንደገና ውሃ ነው። ያ ውሃ ሌላ ጨው ያፈርሳል፤ ሌላ አሲድ ይወለዳል። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ መሀል ከካቶዱ የሚሟሙ ብረቶች፣ በተለይም ማንጋኒዝ፣ በፈሳሹ ተጉዘው አኖዱ (አሉታዊው ኤሌክትሮድ) ላይ ያርፋሉ፤ እዚያ ያለውን ስስ መከላከያ ሽፋንም ያበላሻሉ። ሽፋኑ ራሱን ለመጠገን ሊቲየም ይበላል፤ የተበላው ሊቲየም ከእንግዲህ ኃይል አይሸከምም። በሌላ በኩል ከውሃው ከፊሉ አኖዱ ላይ ተሰብሮ የሃይድሮጂን ጋዝ ይሆናል። ለስላሳ ሽፋን ያላቸው ሴሎች እንደ ትራስ ሲያብጡ የምናየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። እጅግ ጥቂት ውሃ ሴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሪክ በዝግታ ሲሞላ ይበላና ያልቃል፤ የሚያስከትለው ጉዳትም ሊለካ የማይችል ያህል ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ ግቡ ዜሮ አይደለም፤ ዜሮም የሚደረስበት ነገር አይደለም። ኤሌክትሮላይቱ ከአምራቹ ሲመጣ በውስጡ የሚፈቀደው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊዮን ከ20 ክፍል በታች ነው። ለኤሌክትሮዱ የሚሰጠው ወሰን ደግሞ እንደ ዱቄቱ ዓይነትና እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ በአብዛኛው በሚሊዮን ጥቂት መቶ ክፍሎች ነው። የሁለቱ ልዩነት የሚያሳየን ነገር አለ፦ ወደ ሴሉ ከሚገባው ውሃ አብዛኛው የሚገባው በኤሌክትሮዱ ተሸሽጎ ነው።

የት ነው የሚሸሸገው? የኤሌክትሮዱ ቅብ በአንድ ገጽ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ከሰው ፀጉር ጋር የሚቀራረብ ነው። ግን ድፍን አይደለም፤ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስፖንጅ ነው። ውሃው ከፊሉ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀመጣል። ከፊሉ በእያንዳንዱ የዱቄት ቅንጣት ገጽ ላይ ይለጠፋል። ከፊሉ ደግሞ ከቁሱ ጋር በኬሚካል ተሳስሮ ይኖራል፤ ይህን የመጨረሻውን ለማላቀቅ ዱቄቱን የሚያያይዘው ማጣበቂያ ሊቋቋመው የማይችል ሙቀት ይጠይቃልና የቫክዩም ምድጃ አይነካውም።

አኖዱ የራሱ ታሪክ አለው። ብዙ ጊዜ የአኖዱ ዱቄት የሚሆነው ግራፋይት በባሕርዩ ውሃ አይወድም፤ ቅቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በውሃ ነው፤ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ በሚባል ማጣበቂያም ይያያዛል። ሴሉሎስ ከዕፅዋት የሚገኝ ነው፤ ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ካቶዱ ደግሞ በአብዛኛው ኤንኤምፒ በሚባል፣ በ202 ዲግሪ በሚፈላ ፈሳሽ ተቦክቶ ይቀባል። ይህ ፈሳሽ ለፅንስ ጎጂ ተብሎ የተመደበ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አጠቃቀሙን ገድቦታል። በፎስፌት ላይ የተመሠረቱት የሊቲየም ብረት ካቶዶች ዋጋቸው ርካሽ፣ ዕድሜያቸውም ረጅም በመሆኑ ገበያውን እያጥለቀለቁት ነው። የእነሱ ቅንጣት ግን እጅግ የደቀቀና በካርቦን የተሸፈነ ነው። በደቀቀ ቁጥር ለውሃ የሚመች ገጽ ይሰፋል። የኒኬል መጠናቸው ከፍ ያሉት ካቶዶች በፊናቸው ከእርጥበትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝተው በገጻቸው ላይ ሊቲየም ሃይድሮክሳይድና ሊቲየም ካርቦኔት ያበቅላሉ። ይህን ጉዳት ደግሞ ምድጃ አይመልሰውም። ለአንዱ ካቶድ የተሠራ የማድረቂያ መመሪያ ለሌላው እንዳለ ሲቀዳ ማየት የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ባዶ ቦታ ሙቀት አያደርስም

ኤሌክትሮዱ ሁለት ጊዜ እንደሚደርቅ መለየት ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቅቡ ገና እርጥብ ሳለ፣ በአሥር ሜትሮች በሚለካ ረጅም የሞቀ አየር ዋሻ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በከባድ ሲሊንደሮች መሀል ተጨምቆ ይጠቀጠቃል፤ በሚፈለገው ስፋት ተሰንጥቆ ይጠቀለላል። በመንገዱ ሁሉ ከአየሩ እርጥበት ይሰበስባል። የቫክዩም ማድረቂያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ሴሉ ከመገጣጠሙ ወይም ፈሳሹ ከመሞላቱ በፊት ነው።

የቫክዩም ጥቅሙ ቀላል ነው። ግፊት ሲወርድ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ግፊቱ የባሕር ጠለል ከባቢ አየር አንድ አሥረኛ ሲሆን ውሃ በ46 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አንድ ሃምሳኛ ሲሆን በ18 ዲግሪ። የተፈታችው የውሃ ሞለኪውልም የሚያግዳት አየር ስለሌለ በፍጥነት ትወጣለች። ማጣበቂያውን ሳናቃጥል ውሃውን የምናስወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ግን እዚህ ላይ ተቃርኖ አለ። ውሃ ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ በተለመደው ምድጃ ሙቀቱን ከግድግዳው ወደ ዕቃው የሚያደርሰው አየር ነው። አየሩን ስናወጣ አመላላሹንም አወጣን። የቀረው ጥቅሉ ከተቀመጠበት መደርደሪያ በንክኪ የሚመጣው ሙቀትና ከግድግዳው የሚፈልቀው ጨረር ብቻ ነው። አንድ ክብድ ያለ ጥቅል በዚህ መንገድ እስከ መሀሉ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጃል። የምድጃው መለኪያ 110 ዲግሪ እያለ የጥቅሉ እምብርት ገና 60 ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ፋብሪካዎች መጀመሪያ ደረቅ ናይትሮጂን አስገብተው ያሞቃሉ፤ ከዚያ በፓምፕ ይስቡታል፤ ዑደቱን ደጋግመው ናይትሮጂኑ የተፈታውን እርጥበት ይዞ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ምድጃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጥልቅ ቫክዩም ላይ ሲቀመጥ የሌሊቱ እኩሌታ ሙቀት በመጠበቅ ያልፋል።

ሁለተኛው እንቅፋት የጥቅሉ ቅርጽ ነው። ፎይሉ ብረት ነው፤ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ከጥቅሉ መሀል ያለ ውሃ በቀጥታ ወደ ውጭ መውጣት አይችልም። በቅቡ ቀዳዳዎችና በድርብርቦቹ መካከል ባሉ የማይክሮሜትር ክፍተቶች እየተሳበ ወደ ጎንና ጎን ጠርዙ መጓዝ አለበት። ጥቅሉ 600 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ መሀል ላይ ያለች የውሃ ሞለኪውል ከፀጉር በቀጠነ መንገድ 300 ሚሊሜትር መጓዝ አለባት። በዚህ ምክንያት ጠርዙ ቶሎ ይደርቃል፤ መሀሉ ይዘገያል። ናሙናው ከጠርዝ የተቆረጠ እንደሆነ ውጤቱ የሚያምር ይሆናል፤ ግን ስለ ጥቅሉ እውነቱን አይናገርም። ጥቅሉ ሲጠመጠም የነበረው ውጥረት እንኳ ለውጥ ያመጣል፤ ላላ ብሎ የተጠመጠመው ቀድሞ ይደርቃል።

ሦስተኛው የፓምፑ ነገር ነው። አንድ ግራም ውሃ በመቶ ዲግሪ፣ በተለመደው ግፊት ሲተን 1.7 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ግፊቱ 100 ፓስካል ሲሆን ግን ያችው አንድ ግራም 1,700 ሊትር ትሆናለች። 500 ኪሎ ኤሌክትሮድ በሚሊዮን 500 ክፍል ውሃ ይዞ ቢገባ ጠቅላላው ውሃ 250 ግራም ነው፤ አንዲት ብርጭቆ ገደማ። በዚያ ግፊት ግን 430 ሜትር ኩብ እንፋሎት ነው። ይህን ሁሉ መሳብ ያለበት ፓምፑ ነው፤ እንፋሎቱ ፓምፑ ውስጥ ቀዝቅዞ መልሶ ውሃ ቢሆን ደግሞ ቫክዩሙ እያደር ይዳከማል፤ ሠራተኛው ግን መለኪያውን ካልተከታተለ አያውቅም።

ታዲያ ለምን ሙቀቱን አንጨምርም? ልኩ እዚህ ጋ ይመጣል። ማጣበቂያዎቹ ከመጠን በላይ ሲሞቁና ሲደርቁ ይገረጅፋሉ። አኖዱ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፦ ቅቡ ከመዳብ ፎይሉ ላይ መያዣው ይላላል፤ ሲጠመጠም ይሰነጠቃል፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር ብናኝ ይረግፋል። የረገፈ ብናኝ ሴሉ ውስጥ ከገባ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ማድረቁ ሴሉ ከተገጣጠመ በኋላ የሚካሄድ ከሆነ ወሰኑ ይበልጥ ይጠብባል፤ ምክንያቱም በካቶድና በአኖድ መካከል ያለው ለያይ ሽፋን ብዙ ጊዜ ፖሊኤቲሊን ነው፤ በ130 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም መኮማተር ይጀምራል። ስለዚህ ያለ ገደብ ሰዓትና ሙቀት የሚጨምር ሰው እርጥበትን እየሸሸ ሌላ ጉድለት እየጋበዘ ነው።

በሩ ሲከፈት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጠዋት እንመለስ። ጥቅሉ ደርቋል። ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው «ደረቅ ክፍል» የሚባለው አዳራሽ ነው። በእንዲህ ዓይነት ክፍል የአየሩ የጤዛ ነጥብ (በአየሩ ያለው እርጥበት መጤዝ የሚጀምርበት ሙቀት) ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ወይም ከዚያም ዝቅ ያለ ነው። በ20 ዲግሪ በሚገኝ፣ እርጥበቱ መካከለኛ በሆነ ተራ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ዘጠኝ ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። በደረቁ ክፍል ውስጥ ግን 0.1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ከምድጃ የወጣ ኤሌክትሮድ ከዚያ አየር የበለጠ የደረቀ ነውና ይስባል፤ በዝግታ ይስባል እንጂ አያቆምም። የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮድን የአየሩ ድርቀት ከሚፈቅደው በታች አድርቆ ለሰዓታት ክፍት መተው በወንፊት ውሃ እንደመቅዳት ነው። ያ ተጨማሪ ድርቀት ሴሉ ውስጥ አይደርስም፤ የወጣበት ኃይል ግን ተከፍሎበታል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ትልቁ የእርጥበት ምንጭ ደግሞ ሰው ነው። ቆሞ የሚሠራ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 100 ግራም ገደማ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ቅድም ያሰላነውን 500 ኪሎ ኤሌክትሮድ እናስታውስ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋበት ታድሮ የወጣው 250 ግራም ነበር። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሰዓት ከሩብ የሚተነፍሱት ይኸንኑ ያህል ነው። በደረቅ ክፍል በር ላይ በአንድ ጊዜ መግባት የሚፈቀድላቸው ሰዎች ቁጥር የሚለጠፈው፣ ሠራተኞችም ሙሉ ልብስና አፍና አፍንጫ መሸፈኛ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ፈረቃ ሲቀያየር ሁለቱ ቡድኖች ውስጥ ከተገናኙና በሩ ደጋግሞ ከተከፈተ የአየር ማድረቂያው መሽከርከሪያ ሊቋቋመው አይችልም። መሽከርከሪያው እንደ ሲሊካ ጄል ያለ ውሃ የሚመጥ ቁስ የተሞላ ነው፤ የመጠጠውን ለመልቀቅ ያለማቋረጥ በሞቀ አየር መታጠን አለበት። የደረቅ ክፍል የኃይል ፍጆታ የሚከብደው በዚህ ነው፤ ምርት ኖረም አልኖረም ቀንና ሌሊት ይሠራል።

እንዴት ይለካል? መለኪያው ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳወቀው ዘዴ ነው። ከኤሌክትሮዱ የተቆረጠች ትንሽ ክብ ናሙና በብልቃጥ ትታሸጋለች። ብልቃጧ ትሞቃለች፤ የወጣውን እርጥበት ደረቅ ናይትሮጂን ተሸክሞ ወደ መለኪያው ፈሳሽ ያደርሰዋል። እዚያ እያንዳንዷ የውሃ ሞለኪውል አንድ የአዮዲን ሞለኪውል ትበላለች። አዮዲኑ የሚፈጠረው በኤሌክትሪክ ስለሆነ የፈሰሰውን ኤሌክትሪክ መቁጠር ውሃውን መቁጠር ነው፤ ማይክሮግራም እንኳ ይታያል። ዘዴው ይህን ያህል ስሱ በመሆኑ የናሙና አያያዝ ውጤቱን ያበላሸዋል። ናሙናዋ ከተቆረጠች በኋላ ብልቃጧ እስክትታሸግ ሁለት ደቂቃ ክፍት ቆይታ ከሆነ የምንለካው የምድጃውን ሥራ ሳይሆን የሁለቱን ደቂቃዎች አየር ነው። ናሙናው የሚሞቅበት ልክም ይወስናል፤ በ120 ዲግሪ የሚወጣውና በ170 ዲግሪ የሚወጣው ውሃ እኩል አይደለም። ስለዚህ ሁለት ፋብሪካዎች «የእኛ በሚሊዮን 300 ነው» ቢሉ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ ላይሆን ይችላል።

ሰዓት የመጨመር ልማድ ከየት እንደመጣ የሚገባኝ ይህን ሳስብ ነው። የእርጥበት ጉዳት ወዲያው አይታይም። ሴሉ ታሽጎ፣ ተሞልቶ፣ ለሳምንታት ተቀምጦ ነው አቅሙ ሲወርድ ወይም ሲያብጥ የሚታወቀው። በዚያ ጊዜ ጥፋቱ የምድጃው ይሁን፣ የጋሪው ጉዞ ይሁን፣ የተከፈተ በር ይሁን ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። በቀላሉ የሚስተካከለው ቁጥር የምድጃው ሰዓት ስለሆነ እሱ ይጨመራል። 12 የነበረው 18 ይሆናል፤ 18ቱ 24። ችግሩ በሩ ላይ ከነበረ ግን ምንም አልተነካም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ የሚሠራው ከምድጃው እስከ ማሸጊያው ባለው መንገድ ላይ በየማቆሚያው ናሙና ሲወሰድ ነው፦ በሩ እንደተከፈተ፣ ጥቅሉ ማሽኑ ላይ ሲሰቀል፣ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል፣ ፈሳሹ ሊሞላ ሲል። አራት ቁጥሮች በአንድ መስመር ሲቀመጡ ውሃው የገባበት ቦታ ራሱን ያሳያል።

ይህ ዛሬ ከጥራት አልፎ የኃይልና የገበያ ጥያቄ ሆኗል። በባትሪ ፋብሪካ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሴል ለመሥራት በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይፈሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የባትሪ ደንብ ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች የካርቦን አሻራ መግለጫ ይጠይቃል። ከእንግዲህ በከንቱ የነደደ ምድጃ ሰነድ ላይ የሚታይ ይሆናል ማለት ነው።

መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት ውስጥ ብዙ የሚወራለት ያለ ፈሳሽ መቀባት ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2019 ማክስዌል የተባለውን ኩባንያ የገዛው በዋናነት ለዚህ ቴክኖሎጂ ነበር፤ በ2020ም በይፋ ዕቅዱን አቀረበ። ዱቄቱ ከደረቅ ማጣበቂያ ጋር ተዳምጦ እንደ ስስ ገጽ ሆኖ ፎይሉ ላይ ይለጠፋል። ረጅሙ የአየር ዋሻ ይቀራል፤ ኤንኤምፒን መልሶ የመሰብሰብ ጣጣም ይቀራል። ትልቅ እርምጃ ነው፤ በጉጉት ከሚከታተሉት አንዱ እኔ ነኝ። ሆኖም አንዳንዶች ያስቀረዋል ቢሉም የቫክዩም ማድረቂያውን አያስቀረውም። ዱቄቱ ራሱ በገጹ ላይ ከአየር የለጠፈው ውሃ አለ፤ ያም መውጣት አለበት።

ጠንካራ ኤሌክትሮላይት ያላቸው ባትሪዎችም ከዚህ አያመልጡም። በሰልፋይድ ላይ የተመሠረተው ዓይነት ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። እዚያ እርጥበት የሴሉን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ሳንባ የሚመለከት ጉዳይ ይሆናል፤ የክፍሉም አየር ከዛሬው እጅግ መድረቅ ይኖርበታል።

እኔ ይበልጥ ተስፋ የምጥልበት ብዙ ያልተወራለት ለውጥ ነው፦ ጥቅሉን ፈትቶ ማድረቅ። ኤሌክትሮዱ ተዘርግቶ በቫክዩም ውስጥ በሞቁ ሲሊንደሮች ላይ ወይም በኢንፍራሬድ ጨረር ሥር ሲያልፍ ውሃው 300 ሚሊሜትር ወደ ጠርዝ መጓዙ ይቀርና በቅቡ ውፍረት ልክ ማይክሮሜትሮችን ብቻ ይጓዛል። ሌሊት የፈጀው በደቂቃዎች ያልቃል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ፎይሉን በቫክዩም ውስጥ ሳይታጠፍና ሳይቀደድ ማስኬድም ቀላል አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማድረቂያ ከመገጣጠሚያው ማሽን አፍ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የደረቀው ኤሌክትሮድ በጋሪ ተጭኖ አዳራሽ አያቋርጥም፣ ተራ አይጠብቅም፣ የፈረቃ መቀያየር አያገኘውም። ከማድረቂያው ጉሮሮ ወጥቶ ጥቂት ሜትሮች እንደሄደ፣ ሰው በማይገባበት ጠባብና የታሸገ ሳጥን ውስጥ ይቆረጣል፣ ይደራረባል። መድረቅ ያለበት አየርም ያንን ሳጥን የሚሞላው ብቻ ይሆናል።